ሮታቬተር ከመርካቶ ከመጫኑ በፊት

ለአሮጌ ትራክተር መለዋወጫ የሚፈልግ የገበሬ ማኅበር መንገዱ ዞሮ ዞሮ መርካቶ ያደርሰዋል። ሶማሌ ተራ ያጣውን ምናለሽ ተራ፣ ከተከመረው ቁርጥራጭ ብረት መካከል ሊያገኘው ይችላል። እንግሊዝ አገር መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያበቃው ማሴ ፈርጉሰን 135 ወይም ናዝሬት ላይ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በተቋቋመው ፋብሪካ የተገጣጠመ ቤላሩስ ዛሬም የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የመርካቶ ነጋዴና ብረት ሠራተኛ ድርሻ ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ የተገኘ ሁሉ አይገዛም። በተለይም ሮታቬተር የተባለው፣ በሚሽከረከሩ ቢላዎች አፈር የሚፈጨው ማረሻ፣ ከአሮጌ ትራክተር ጋር ከመቀጠሉ በፊት የማኅበሩ መሪዎች ሊመረምሩት ይገባል። መሣሪያው አዲስ ፍጥረት አይደለም፤ አውስትራሊያዊው አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ ሙከራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነበር። ጥያቄው ከየትኛው ትራክተር ጋር ይስማማል የሚለው ነው። 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ሮታቬተር አብዛኛውን ጊዜ ከ40 የፈረስ ጉልበት በላይ ይጠይቃል። ያረጀ ሞተር ደግሞ በወረቀት የተጻፈለትን ጉልበት አይሰጥም።

ሮታቬተሩን የሚያዞረው ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው፣ ባለሙያዎች ፒ.ቲ.ኦ. የሚሉት ዘንግ ነው። በብዙ አሮጌ ትራክተሮች አንድ ፍሪሲዮን ጎማውንም ዘንጉንም ያዛል። ነጂው ለመቆም ፍሪሲዮን ሲረግጥ፣ በተለይ ማረሻው ከአፈር ከፍ ብሎ በሚሽከረከርበት ጊዜ፣ የቢላዎቹ ግፊት በካምቢዮው በኩል ተመልሶ ትራክተሩን ወደፊት ሊገፋው ይችላል። ድርብ ፍሪሲዮን ካለው ችግሩ ይቃለላል፤ ከሌለው ግን ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተላልፍ ማያያዣ ሊገጠምለት ይገባል።

ቢላዋውን በተመለከተ፣ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የተሠራ ቢቀርብ፣ በእሳትና በውኃ በአግባቡ ያልጠነከረ ብረት ወይ ፈጥኖ ይበላል፣ ወይ ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል። ግራና ቀኙ ያልተለየ፣ ክብደቱ ያልተመጣጠነ ቢላዋ ደግሞ ኩሽኔታውን ይፈጃል። የድሮውን ቢላዋ ለናሙና ይዞ፣ ነጂውን ወይም መካኒኩን አስከትሎ መሄድ ያስፈልጋል። ደረሰኝም መቀበል ነው፤ የአባላት ገንዘብ ነውና።

መሬቱም መታየት አለበት። ጤፍ የደቀቀ አፈር ይወዳል ተብሎ ሮታቬተር የሚመረጥ ከሆነ፣ ከድቀቱ ጋር ጥብቀትም እንደሚፈልግ መዘንጋት የለበትም። ገበሬው ከዘር በፊት ማሳውን በከብት የሚያስረግጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ ዱቄት በላላ አፈር ውስጥ ያቺ ደቃቅ ዘር ትሰጥምና ሳትበቅል ትቀራለች። እርጥብ መረሬ ላይ ከተነዳም ቢላዋው ከሥሩ ያለውን አፈር እንደ ምርጊት ለስኖ ውኃ የማያሳልፍ ያደርገዋል። በተዳፋት ላይ የተፈጨውን አፈር ደግሞ የመጀመሪያው ዶፍ ይዞት ይወርዳል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ያው ዘንግ ነው። የተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ዙር፣ ማለትም በአንድ ሴኮንድ 9 ጊዜ ነው። የጋቢ ጫፍ ከያዘ ሰውየው ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አያገኝም። በአሮጌ ዕቃ ላይ የዘንጉ ሽፋን ወልቆ የጠፋ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ካልጠየቀ ሻጩ አያነሣውም። ሽፋን ያልተገኘለት ሮታቬተር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ከመርካቶ ባይጫን ይሻላል።