የፈተና ውጤትና የቤተሰብ ኃላፊነት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ዕለት በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሥራ ይቀዛቀዛል። ተፈታኝ ልጅ ያለው ሠራተኛ ስልኩን ከእጁ አያወርድም። የልጁን የመለያ ቁጥር ደጋግሞ በድረ ገጹ ላይ ይሞክራል፤ መስመሩ ሲጨናነቅም ኮምፒዩተር የተሻለ ያውቃል ወደሚባለው ባልደረባው ቢሮ ያቀናል። በዚህም ምክንያት ውጤቱን ቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ልጁ ሳይሆን አባቱ ከነሥራ ባልደረቦቹ ነው። ልጁ ግን እቤት ተቀምጦ የአባቱን ስልክ ይጠብቃል።

ከዚያ የስልክ ጥሪ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በቤት ውስጥ የሚባለውና የሚደረገው ነገር የልጁን ቀጣይ ጉዞ በእጅጉ ይወስናል። ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ የግል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ያለፉትን ዓመታት አኃዞች መመልከት ይበቃል።

የ2014 ዓ.ም ፈተና በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ወይም 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ የሚሆኑት ተፈታኞች የማለፊያ ነጥቡን አግኝተዋል። መሻሻሉ የሚበረታታ ነው። ይሁንና በ2017 ዓ.ምም ቢሆን ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ የማለፊያ ነጥቡን አላገኙም ማለት ነው።

ይህ ለውጥ ከየት እንደመጣ ወላጆች በሚገባ የተገነዘቡት አይመስልም። ቀደም ባሉት ዓመታት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ በየዓመቱ እንደ ተቋማቱ የመቀበል አቅም ይወሰን ነበር። በ2014 ዓ.ም ግን 50 በመቶ ቋሚ የማለፊያ ነጥብ ሆነ፤ ኩረጃን ለማስቀረትም ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች እንዲሰጥ ተደረገ። ከዚህም በላይ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ተማሪው በ10ኛ ክፍል ተለይቶ ከፊሉ ወደ መሰናዶ፣ ከፊሉ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ዛሬ ያ ማጣሪያ ስለሌለ በሁለት ደረጃ ይመጣ የነበረው ማዘን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን፣ በ12ኛ ክፍል ላይ ይደርሳል። የ2014 ዓ.ም መደበኛ ተፈታኞች በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይፈተኑ ያለፉ፣ በ2012 ዓ.ምም በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ነበሩ። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የነበሩት ደግሞ ጦርነቱ ተጨምሮባቸዋል።

ሆኖም ብዙ ወላጆች ልጃቸውን የሚመዝኑት በራሳቸው ዘመን ማትሪክ ነው። “እኔ በኩራዝ አጥንቼ አልፌያለሁ፤ አንተ መብራቱ፣ መጽሐፉ፣ አስጠኚው ተሟልቶልህ እንዴት ወደቅህ?” የሚለው ወቀሳ ከዚህ የመነጨ ነው። “የጎረቤት ልጅ አልፎ አንተ ቀረህ”፣ “ምን ብዬ ከሰው ፊት ልቁም” የሚሉትም ተከትለው ይመጣሉ። ወላጁ ይህን የሚናገረው ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ ከራሱ ጉሮሮ ነጥቆ ያስተማረ ሰው መከፋቱ የሚጠበቅ ነው። ልጁ ግን የሚሰማው ሌላ ነው። ያልተሳካለት ፈተናው ሳይሆን እርሱ ራሱ እንደሆነ፣ በቤተሰቡ ዘንድ የነበረው ቦታም በማርክ የተገዛ እንደነበር አድርጎ ይረዳዋል።

በ2015 ዓ.ም ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ 300 በላይ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድም ተማሪ ሳያሳልፍ ሲቀር ጥፋቱን የአንድ ልጅ ስንፍና ብቻ አድርጎ መውሰድ ስሌቱም ፍርዱም የተሳሳተ ነው። የመምህሩ ብቃት፣ የመጽሐፍ አቅርቦቱ፣ የቤተ ሙከራው መኖርና አለመኖር፣ የአስተዳደሩ ጥንካሬ ሁሉ በዚያ ውጤት ውስጥ አለ። ይህ ሲባል የተማሪው ጥረት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ልጁ የድርሻውን እንዲወስድ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ተገቢ ያልሆነው የሁሉንም ድርሻ ማሸከሙ ነው።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ ጊዜው ነው። የ2016 እና የ2017 ዓ.ም ፈተናዎች ውጤት ይፋ የሆነው በዘመን መለወጫ ሰሞን ነበር። ይህ ወቅት ዘመድ አዝማድ የሚሰበሰብበት፣ “እንኳን አደረሳችሁ” ተባብሎ ወዲያው “ልጁስ ስንት አመጣ?” የሚባልበት ነው። ልጁ ለእያንዳንዱ እንግዳ ውጤቱን እየደጋገመ እንዲናገር ይገደዳል። አስተዋይ ወላጅ ይህን ጥያቄ ራሱ ይቀበለዋል። “ገና እየተነጋገርንበት ነው” ብሎ በአጭሩ መልሶ ጨዋታውን ወደ ሌላ መውሰድ ለልጁ ትልቅ እፎይታ ነው።

ታዲያ ወላጅ ምን ቢያደርግ ይሻላል? በቅድሚያ ውጤቱን ከልጁ ጋር ሆኖ መመልከት፣ አለዚያም ልጁ ራሱ አይቶ እንዲናገር ዕድል መስጠት ነው። በመጀመሪያው ቀን ምክርም ተግሣጽም አያስፈልግም። “አይዞህ ልጄ፤ ነገ ተቀምጠን እንነጋገርበታለን” ማለት ይበቃል። ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፤ ዝም ማለት የፈለገም ዝም ይበል። ምግብ ከቤተሰቡ ጋር መብላቱን፣ እንቅልፍ ማግኘቱን ግን መከታተል ያሻል።

ልጁ ለቀናት በሩን ዘግቶ ከሰው ከራቀ፣ መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ይልቁንም “ከመኖር መሞት ይሻለኛል” የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ነገሩን እንደ ልጅ ኩርፊያ ማየት አይገባም። ይህን ቃል በቁጣ ማፈን ሳይሆን በግልጽና በእርጋታ ጠይቆ መረዳት፣ ብቻውን አለመተው፣ ሳይውሉ ሳያድሩም የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም መውሰድ የወላጅ ግዴታ ነው። ለማኅበራዊ ኀፍረት ሲባል የሚባክን ጊዜ ሊኖር አይገባም።

ሐዘኑ ጥቂት ሲረግብ የሚቀጥለው የአማራጮች ውይይት ነው። በእርማቱ ላይ ጥርጣሬ ያለው ተማሪ በተወሰነው የጊዜ ገደብ ውስጥ ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የማለፊያ ነጥቡን ሳያገኙ የተሻለ ውጤት ያስመዘገቡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከታትለውና ተፈትነው ወደ መጀመሪያ ዓመት የሚገቡበት አሠራር ተዘርግቷል። በግል ተፈታኝነት ድጋሚ መፈተንም ይቻላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። ኤሌክትሪክ፣ አውቶ መካኒክ፣ ግንባታ ወይም ሆቴል መስተንግዶ የሚማር ወጣት “የወደቀ” ተብሎ ሊጠራ አይገባም። ይህን አስተሳሰብ ለመለወጥ ከመንግሥት ሠራተኛው በላይ ኃላፊነት ያለበት የለም፤ በመድረክ ላይ የሙያ ትምህርትን አስፈላጊነት ሲያስረዳ ውሎ ማታ ለገዛ ልጁ እንደ ውርደት የሚቆጥረው ከሆነ ማንም አያምነውም።

ወላጅ አማራጮቹን ካላሳየ ሌላ የሚያሳይ ይመጣል። ቤቱ የከበደው፣ ከወቀሳ መሸሽን የመረጠ ወጣት ለሕገ ወጥ ደላላ የተመቻቸ ነው። በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚወስደው መንገድ የስንቱን ወጣት ሕይወት እንደቀጠፈ የማያውቅ ኃላፊ አይኖርም። ስለዚህ በውጤት ሰሞን በቤት ውስጥ የሚነገር ክፉ ቃል ውጤቱ እዚያው ቤት ላይቀር ይችላል።

የተቋማት ድርሻም ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤቶች ውጤት በሚገለጽባቸው ቀናት ተማሪዎችን የሚያነጋግሩ መምህራን ቢመድቡ፣ የከፍተኛ ውጤት ባለቤቶችን በሚሸልሙበት መድረክ ያልተሳካላቸውንም ባይረሱ መልካም ነው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ያሉትን አማራጮች፣ የምዝገባ ጊዜያቸውንና የሚጠየቀውን መስፈርት በአንድ ገጽ አዘጋጅተው ከውጤቱ ጋር ለተማሪው ሊያደርሱ ይችላሉ። ይህ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ ሥራ ነው። የሥራ ኃላፊዎችም በዚያ ዕለት ልጁ የተፈተነበትን ሠራተኛ ቀደም ብሎ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ቢፈቅዱለት የሚጎድል ሥራ አይኖርም።

የፈተናውን ደረጃ መጠበቅና ኩረጃን ማስቀረት ለሀገር የሚጠቅም እርምጃ ነው። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ግን የማያልፈውን የሚቀበል እጅም አብሮ መዘርጋት አለበት። ማርክ አንድ ተማሪ በዚያ ሳምንት በተፈተነባቸው የትምህርት ዓይነቶች ምን ያህል እንደመለሰ ይነግረናል፤ ከዚህ አልፎ ስለ ልጁ የሚናገረው የለም። የቀረውን የሚያውቁት ያሳደጉት ናቸው። በሚቀጥለው የውጤት ዕለት ከቢሮ ወደ ቤት የሚደወለው ስልክ “ስንት አመጣህ?” ከማለቱ በፊት “እንዴት ነህ ልጄ?” በሚል ይጀመር።