ብርሃኑ ከወዴት ነው?

በዛሬው ጊዜ በኮምፒዩተር የሚሥል ወጣት ቀለም መበጥበጥና ብሩሽ ማጠብ ቀርቶለታል። በመስመር ብቻ የነደፈውን የካርቱን ሥዕል ከፍቶ፤ የባልዲ ምልክት ያለበትን መሣሪያ መርጦ አንድ ጊዜ ቢነካው ሸሚዙ ወዲያው ቀይ ይሆናል። መስመሩ ሳይገጥም የቀረበት ቀዳዳ ካለ ግን ቀለሙ እንደ ጎርፍ ወጥቶ ገጹን ያጥለቀልቀዋል። ይህ ስሕተት በቀላሉ የሚታረም ስለ ሆነ አያስፈራም። እኛን የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ የሚመጣው የጥላ ነገር ነው።

ለብዙዎቻችን ጥላ ማለት በየመስመሩ ዳር ዳር ጥቁር መለቅለቅ ይመስለናል። በዚህም ምክንያት ፊቱም፤ ክንዱም፤ ዛፉም እንደ ትራስ አብጦ ይታያል። አንባቢ ሆይ፤ እስቲ ጠዋት ወደ ደጅ ወጥተን አንድ ዛፍ እንመልከት። ፀሐይ በአንድ ወገን ሳለች ጥላው በሁሉም ወገን ይወድቃልን? ጥላ ሁሉ ጥቁር ነውን? ሰማዩ በጠራ ቀን የነጭ ኩታ እጥፋት ወደ ሰማያዊ ያደላል እንጂ አይጠቁርም።

ስለዚህ ሠዓሊው አስቀድሞ ብርሃኑ ከወዴት እንደሚመጣ መወሰን አለበት። ከዚያ በኋላ መስመሩን ከላይ፤ ዋናውን ቀለም ከታች፤ ጥላውን በመካከል በየራሱ ሌየር ያስቀምጣል። ሌየር እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ ንጣፍ ነውና፤ ጥላው ቢበላሽ ሌላው ሳይነካ እርሱ ብቻ ይታረማል። ጥላውን ራሳቸው የሚያበጁ ፕሮግራሞችም መጥተዋል፤ ሆኖም የብርሃኑን አቅጣጫ መምረጥ የሰው ፈንታ ነው።

እንዲህ ስንል ጥላ የሌለው ሥዕል ጎደሎ ነው ማለታችን አይደለም። የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤርዤ የቲንቲንን መጻሕፍት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1942 በቀለም ማውጣት ሲጀምር፤ ከጥላ ይልቅ ጥርት ያለ መስመርና ደልዳላ ቀለም መረጠ። የጎንደር ሠዓሊዎችም ሁለቱን መንገድ ያውቁ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ሥዕላቸው በመስመርና በደልዳላ ቀለም የቆመ ሲሆን፤ በ18ኛው መቶ ዓመት በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ፊቱ ጥላ እየገባበት መጉላት ጀመረ። ሁለቱም ታስቦባቸው የተሠሩ ስለ ሆኑ ሁለቱም ያምራሉ።

ነገሩ ለሠዓሊው ብቻ የሚተው አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የጤና ማስታወቂያና የሕፃናት መጽሐፍ የምናሠራው እኛው ወጣቶች ነን። የእጅ አስተጣጠብን የሚያስተምር ሥዕል ጣቶቹ በጥላ ከተሸፈኑ ማንን ያስተምራል? እንግዲህ ሠዓሊውን «ቀለም ጨምርበት፤ አብለጭልጨው» እያልን ከማጣደፍ ይልቅ «ብርሃኑ ከወዴት ነው?» ብለን እንጠይቀው። ለማሰቢያም አንድ ቀን ብንጨምርለት ገንዘባችን ባከነ አይባልም።