ቆሻሻው ከቤት ወጣ እንጂ የትም አልሄደም



እንደሚታወቀው ክረምት በመጣ ቁጥር በሰፈራችን የሚሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። ቦዩ ሞላ፣ ጎርፉ ከታች በኩል ወዳሉት ቤቶች ገባ፣ የሚመለከተው ክፍል የት አለ? ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቦዩ ሲጠረግ የሚወጣውን ነገር ቆም ብሎ ላየ ሰው የመልሱ ግማሽ እኛው ዘንድ ነው። የሚወጣው ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የሽንኩርት ልጣጭና ያረጀ ጫማ ነው። ይህ ሁሉ ከሰማይ አልወረደም፤ ከየጓዳችን የወጣ ነው።

መኪናው የጫነውም ቢሆን ጠፍቶ አይቀርም። አዲስ አበባ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን ስትደፋ የኖረችው ረጲ አካባቢ፣ ሁላችንም ቆሼ በምንለው ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ እኛም አብረን አለቀስን። ነገር ግን ያ ክምር ከየቤታችን እየወጣ የተከመረ መሆኑን ስንቶቻችን አስበናል?

ትልቁ ጥፋት የሚጀምረው ሁሉን በአንድ ጆንያ ደባልቀን ስንጥል ነው። ከከተማችን ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ የሚበዛው የሚበሰብስ ነው፤ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ ምግብ፣ የጫት ገረባ። ይህ ለብቻው ቢቀመጥ አፈር ይሆናል። በፌስታል ታስሮ ከክምር ሥር ሲገባ ግን አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ሜቴን የሚባል ጋዝም ያወጣል። ይህ ጋዝ ሙቀት አፍኖ በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ የበረታ ነው። ሊሸጥ ይችል የነበረው ወረቀትና ፕላስቲክም በእርጥቡ ተጨማልቆ ዋጋ ያጣል።

ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ገበያ የሚኬደው ዘንቢል አንጠልጥሎ፣ ዘይት የሚገዛው ጠርሙስ ይዞ ነበር። የጠላ አተላ ለከብት ይሰጥ ነበር። «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ነጋዴ፣ ሰፌድና ሳፋ ይዞ «ልዋጭ!» የሚለውም ሰው ዛሬ ትልልቅ ስብሰባ የሚደረግለትን ሥራ ያለ ስብሰባ ሲሠሩት ኖረዋል። እኛ የተውነው የነበረንን ልማድ ነው።

ሕግ አልወጣም እንዳንል ወጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከየሱቁ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ፌስታልን የሚከለክልና በተጠቃሚውም ላይ ቅጣት የሚያስቀምጥ አዋጅ አጽድቋል። መልካም ነው። ሆኖም ሕግ እያንዳንዱ ጓዳ ገብቶ ልጣጭ ከጠርሙስ አይለይም። ያ የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን እያንዳንዱ ቤተሰብ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የሚከተሉትን እንዲፈጽም ያሳስባል።

አንደኛ፣ በየቤቱ ሁለት ዕቃ ይኑር፤ አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። አሮጌ ባልዲና አንድ ማዳበሪያ ይበቃል፤ ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ ጓሮ ያለው ሰው እርጥቡን ጉድጓድ ቆፍሮ ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር እያፈራረቀ ያጠራቅም፤ አልፎ አልፎም ያገላብጠው። ከጥቂት ወራት በኋላ ለጎመኑ ጥሩ ፍግ ያገኛል። ሥጋና ቅባት ግን አይጥና ውሻ ስለሚጠራ አይግባበት። ጓሮ የሌለው ልጣጩን በግ ላለው ወይም ጓሮ ላለው ጎረቤቱ ይስጥ።

ሦስተኛ፣ ከሰል ለማያያዝ ፌስታል ማቀጣጠል ይቅር። ጭሱ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የምትተነፍሰውም ምድጃው አጠገብ ያለችው እናትና ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ነው።

አራተኛ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ምላጭና መርፌ በጠንካራ ነገር ተጠቅልሎ፣ ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይሰጥ። ጆንያውን በእጃቸው የሚያነሱት ወጣቶች የሰው ልጆች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ጓንት የላቸውም።

አምስተኛ፣ ሱቅ ስንሄድ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ እንያዝ። ልጅም ስንልክ እንስጠው። አንድ ዘንቢል ዓመታት ያገለግላል፤ ፌስታል ግን ሱቅ ደርሶ እስኪመለስ ነው።

«እኔ ለይቼ ባስቀምጥ መኪናው ላይ መልሰው ይደባልቁት የለ እንዴ?» የሚል ሰው ይኖራል። ቅሬታው ከንቱ አይደለም፤ በሚመለከተው ክፍል በኩል መስተካከል ያለበት ነገር አለ፤ ማኅበሩም ይህን መጠየቁን አይተውም። ይሁን እንጂ ጓሮ ውስጥ አፈር የሆነ ልጣጭና ቁራሌው የወሰደው ጠርሙስ መኪናው ላይ አይወጡም። እዚያ ያልወጣውን ማንም መልሶ ሊደባልቀው አይችልም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የሰፈሩን ቆሻሻ ሁሉ ለጥቂት ጆንያ ተሸካሚዎችና ከክምር ሥር ለሚኖሩ ወገኖች ጥለን እጃችንን ታጥበን መቀመጥ አይገባንም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ባልዲ ቢይዝ ሸክሙ ይቀላል፤ በሚመጣው ክረምትም ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ሌሊት ውሃ ሲቀዱ አያድሩም።

ጽዳት ከየጓዳችን ይጀምር!