ጭቃውን ማን አቦካው?

ጎቢ በረሃ፣ ጁያን ደርሶ የተመለሰ ጓደኛችን ፎቶግራፉን ዘርግቶ «ይህን የጭቃ ማማ የሠራው የሐን ንጉሠ ነገሥት ዉ ነው» አለን። እሺ ወንድሜ! ንጉሡ ጭቃ አቦካ? ሌሊት እሳት ለኩሶ የጠላትን መምጣት ለቀጣዩ ማማ አሳወቀ?

በ1930 እ.ኤ.አ. ከነዚያው ፍርስራሾች 10,000 ያህል የእንጨት ጽሑፎች ተገኝተዋል። የወታደሩ ስም፣ የእህል ቀለቡ፣ የጥበቃ ተራው፣ የጡብ ሥራው ሳይቀር ሰፍሮባቸዋል። እንግዲህ ስሙ የለም እንዳንል ስሙ አለ! የጠፋው ጠያቂው ነው። እኛ ግን የነገሥታት ስም ሸምድደን ፈተና እናልፋለን፤ ታሪክ አወቅን ብለንም እንኮራለን።

ጓዶች፣ ማማ ስትጎበኙ አንጋጣችሁ ካያችሁ በኋላ ጎንበስ በሉና ጠይቁ፦ ጭቃውን ማን አቦካው?