«ጥምጣም ስላላቸው ነዋ!»



ባለፈው ሰሞን መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መስጂዳችን አጠገብ ወዳለው ጌም ቤት ገባሁ። ልጆቹን «ሰላት ደርሷል፣ ተነሡ» ለማለት ነበር። ከተቀመጡት አንዱ እኔ ዘንድ ቁርኣን የሚቀራ የ13 ዓመት ልጅ ነው። እጁ ጆይስቲኩ ላይ እንዳለ «ኡስታዝ፣ አንዴ ይጠብቁኝ፣ አሸባሪዎቹን ልጨርሳቸው» አለኝ።

«አሸባሪ መሆናቸውን በምን ዐወቅህ?» አልኩት።

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «ጥምጣም ስላላቸው ነዋ!» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ጥምጣሜን እንዳሰርኩ ነበር የገባሁት።

ልጁ አፈረ። እኔ ግን በእርሱ ላይ መቆጣት አልቻልኩም። «ጥምጣም ያሰረ ሁሉ አሸባሪ ነው» ብሎ ያስተማረው ሰው የለም። እንዲህ የሚል ሰው ፊት ለፊት ቢመጣበት ልጁ ራሱ ይሟገተው ነበር፤ አያቱ ጥምጣም ያስራሉ። ትምህርቱ የገባው በድግግሞሽ ነው። አንድ ዓይነት ታሪክ መቶ ጊዜ ልብሱን እየቀያየረ ሲመጣ ታሪክ መሆኑ ይረሳና ዕውቀት መስሎ ልብ ውስጥ ይቀመጣል።

ለዚህ ጉዳይ ያለን መልስ ሁለት ብቻ ሆኗል። ወጣቱ «ጌም እኮ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ?» ይላል። ትልልቆቹ ደግሞ «ሐራም ነው፣ ዝጋው» ይላሉ። ሁለቱም አይበቁም። የጌምን ሑክም ለዑለማዎች እተወዋለሁ፤ የዛሬ ርዕሴ እርሱ አይደለም። ነገር ግን «ዝጋው» የተባለ ልጅ ስክሪኑን ሲዘጋ ውስጡ የገባውን ምስል አብሮ አይዘጋውም። «ጌም እኮ ነው» የሚለውም ወንድሜ ጨዋታ ከሆነ ለምን ሁልጊዜ ተገዳዩ አንድ ዓይነት ሰው እንደሆነ ይንገረኝ።

ሦስተኛ መንገድ አለ። እርሱንም ከማንም አንዋሰውም፤ የራሳችን ውርስ ነው።

መድረሳ ገብቶ ሙስጠለሕ አል-ሐዲስ የቀራ ደረሳ መጀመሪያ የሚማረው ስም ነው። ሰንሰለቱ የተቆረጠ ዘገባ ሙንቀጢዕ ይባላል። ዘጋቢው የሰነዱን ጉድለት የሸፈነበት ሙደለስ ይባላል። ፈጥረው በነቢዩ ﷺ ላይ የለጠፉት ደግሞ መውዱዕ ነው። በ597 ዓመተ ሒጅራ ባግዳድ ውስጥ ያረፉት ኢብኑል ጀውዚ የተፈጠሩ ሐዲሶችን በኪታብ ሰብስበው አጋለጡ፤ ሕዝቡን በታሪክ ስለሚያስለቅሱት ቁሷሶች፣ ማለትም ተራኪዎች፣ ደግሞ ራሱን የቻለ ኪታብ ጻፉ። በ751 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢብኑል ቀይም «ሰነዱን ሳናይ የተፈጠረውን ሐዲስ መለየት ይቻላል ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ከይዘቱ የሚታወቅባቸውን ምልክቶች ዘረዘሩ። አንዱ ምልክት ለትንሽ ሥራ ከልክ ያለፈ ምንዳ ቃል መግባቱ ነው።

ያ ሁሉ ድካም ለምን ነበር? ስም ያልወጣለት ውሸት ማንም ሳያውቀው ስለሚሠራ ነው። ስም ከወጣለት ግን ጀማሪ ደረሳ እንኳን ሲያልፍ ይለየዋል። እንግዲህ ያንኑ ሚዛን ወደ ስክሪኑ እናምጣው። ከፊልም ወደ ፊልም፣ ከጌም ወደ ጌም የሚዞሩትን የታሪክ ቅርጾች በስማቸው እንጥራቸው። እኔ አራቱን ልጀምር።

አንደኛው «ስም የሌለው አገር» ነው። በ2007 የወጣው «ኮል ኦፍ ዱቲ 4፦ ሞደርን ዋርፌር» ሩሲያንና ዩክሬንን በስማቸው ይጠራል። የአሜሪካ ወታደሮች የሚዘምቱበትን የዐረብ አገር ግን ስም አልሰጠውም። ስም የሌለው አገር ታሪክም ሕዝብም የለውም፤ ቢወድምም የሚያዝንለት የለም። በ2009 የወጣው ተከታዩ ጌም ደግሞ የፓኪስታኗን ካራቺን በስሟ አመጣት፤ የመንገዶቿን ጽሑፍ ግን በዐረብኛ ጻፈው። የካራቺ ሰው የሚያነበው ኡርዱ ነው። ገበያውን ያጥለቀለቀ ጌም ሲሠራ አንድ ፓኪስታናዊ መጠየቅ ያቃተው ሰው ለእርሱ ሙስሊም ሁሉ አንድ መልክ እንደሆነ እየነገረን ነው።

ሁለተኛው «አላሁ አክበር ሲሰማ አደጋ» ነው። በ2014 የወጣው «አሜሪካን ስናይፐር» ፊልም ገና ምስሉ ሳይጀምር ተክቢራ ያሰማል፤ ከዚያ የሚመጣው ታንክና ጠመንጃ ነው። ካሜራው ወደ ሙስሊም ከተማ ሲገባ ሚናራ ይታያል፣ አዛን ይሰማል፣ ተመልካቹም «አሁን የሆነ ነገር ሊፈነዳ ነው» ብሎ ይዘጋጃል። እኔ በየቀኑ አዛን የምል ሰው ነኝ። ሰውን ወደ ፈላሕ የምንጠራበት ድምፅ የፍንዳታ ማስጠንቀቂያ ሲደረግ «ፊልም እኮ ነው» ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሦስተኛው «አዳኙ እንግዳ» ነው። በ1962 የወጣው «ላውረንስ ኦፍ አረቢያ» ዐረቦች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዑስማኒያ መንግሥት ላይ ያደረጉትን አመፅ ይተርካል። የታሪኩ ልብ ግን አንድ የእንግሊዝ መኮንን ነው። ዐረቦቹ በገዛ አመፃቸው ውስጥ አጃቢ ሆነው ቀሩ።

አራተኛውና ለእኔ ከሁሉ የከፋው «የተቀየረው ገዳይ» ነው። በየካቲት 1991፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ከኩዌት ወደ በስራ በሚወስደው መንገድ ወደ አገሩ ይሸሽ የነበረውን የኢራቅ ጦር በአሜሪካ የሚመራው ጥምር ኃይል ከአየር ደበደበው። መንገዱም «የሞት አውራ ጎዳና» ተባለ። በ2019 የወጣው «ሞደርን ዋርፌር» ይህንኑ ስም ወስዶ ኡርዚክስታን በሚባል የፈጠራ አገር ውስጥ አስቀመጠው። ቦምቡን የጣሉት ግን ሩሲያውያን ናቸው ብሎ ተረከ። በ1991 ያልተወለደ ወጣት ስሙን መጀመሪያ የሚሰማው ከዚያ ጌም ከሆነ የሚቀረው በደሉ ሳይሆን የተቀየረው ገዳይ ነው። ሰነዱ ተሸፍኗል። መድረሳ ቢሆን «ሙደለስን ይመስላል» እንል ነበር።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የሊባኖስ ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጃክ ሻሂን ከ900 በላይ ፊልሞችን አይተው በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ሆሊውድ ዐረቦችን በአብዛኛው በክፉ መልክ እንደሚስል አሳይተዋል። እንግሊዛዊው ተዋናይ ሪዝ አሕመድ በ2017 በብሪታንያ ፓርላማ ንግግር ካደረገ በኋላ ደግሞ በእርሱ ስም የተጠራ የአምስት ጥያቄ መመዘኛ ወጣ። ሙስሊሙ ገጸ ባሕርይ ከሽብር ጋር ተያይዟል? ያለ ምክንያት ይቆጣል? ኋላ ቀር ተደርጓል? ለምዕራቡ አኗኗር ሥጋት ነው? ወንድ ከሆነ ሴት ጨቋኝ፣ ሴት ከሆነች ተጨቋኝ ናት? ለአንዱ እንኳን መልሱ «አዎ» ከሆነ ሥራው ወድቋል።

«ስም ብትሰጡት ምን ይለወጣል?» የሚል አይጠፋም። ተለውጧል! በ1992 የወጣው የዲዝኒ «አላዲን» በመክፈቻ ዘፈኑ ዐረቦችን ጆሮ ቆራጭ አድርጎ ነበር። ዐረብ አሜሪካውያን ስሙን ጠርተው ስለተቃወሙ በ1993 በቪዲዮ ሲወጣ ያ ስንኝ ተቀየረ። በ2021 «ኮል ኦፍ ዱቲ፦ ቫንጋርድ» የቁርኣን ገጾችን መሬት ላይ ጥሎ ሲገኝ ሙስሊም ተጫዋቾች አጋለጡት፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቆ አነሣቸው። ያጋለጡት ዐይተው ምን እንደሆነ የለዩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ሚዛኑን ወደ ራሳችን እናዙረው፤ ዐድል ማለት ይህ ነውና። «ይህን መልእክት ለ10 ሰው የላከ በሦስት ቀን ውስጥ የምሥራች ይሰማል፣ ችላ ያለ መከራ ያገኘዋል» የሚለውን ማነው በየግሩፑ የሚያዞረው? የመዲናው መስጂድ ጠባቂ ሸይኽ አሕመድ አዩት የሚባለውን ሕልም፣ ዑለማዎች ውሸት ነው ብለው ስንት ጊዜ ያጋለጡትን፣ ዛሬም ማነው የሚያስተላልፈው? እኛው ነን። ለትንሽ ሥራ የተጋነነ ምንዳ፤ ኢብኑል ቀይም ያስጠነቀቁት ምልክት በየስልካችን ላይ ነው። የሆሊውድን ተረት እያጋለጥን የራሳችንን ተረት የምናዞር ከሆነ የተቆጣነው ለእውነት ሳይሆን ለክብራችን ብቻ ነው።

ደግሞም ወሰን አንለፍ። በአንድ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሙስሊም መኖሩ ብቻውን በደል አይደለም፤ በመካከላችንም ክፉ አለ። በደል የሚሆነው ከክፉው ሌላ ሙስሊም ሲጠፋ ነው። በ2023 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ሚራዥ» ታሪኩን በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ አድርጎ ገበያዋንና በይተል ሒክማን ያሳያል። ጥሩም መጥፎም ሰው አለበት። ሰው ሆነን የምንታይበት ታሪክ መሥራት እንደሚቻል ይህ ምስክር ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ማታ የምታዩት ነገር ካለ ሦስት ነገር ጠይቁ። ስም ያለው ማን ነው፣ ስም የሌለውስ? ታሪኩ የሚያለቅሰው ለማን ሞት ነው? ትክክለኛው ገዳይ ማን ነበር? ደግሞም የምትጽፉ፣ ፊልም የምትሠሩ፣ ኮድ የምትጽፉ ልጆች አላችሁ። ቅርጹን ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ የተሻለ ታሪክ መሥራት ደግሞ የእናንተ ነው።

ያ ልጅ በሳምንቱ ከቂርኣት በኋላ ቀረበኝና «ኡስታዝ፣ ያ ጌም ላይ ያለው አገር ስም የለውም እኮ» አለኝ። «ታዲያ ማን ይኖርበታል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንደኛ ዓይነት ሰዎች ይመስሉኛል» አለ።

አላህ እውነትን እውነት አድርጎ ያሳየን። ወላሁ አዕለም።