ከመቁረጫው በፊት መበየጃው

በዕቁብ ገንዘብ የበርና የመስኮት ሥራ ለመጀመር የተነሣ ወጣት፣ የብየዳና የፕላዝማ መቁረጫ መኪና ባንድ ጊዜ ልግዛ ቢል ትጋቱ ያስመሰግነዋል፤ ስሌቱ ግን ያስነቅፈዋል። ፕላዝማ ለብቻው አይቆርጥም፤ የታመቀና ደረቅ አየር የሚሰጥ ኮምፕሬሰር ይሻል። ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ለቱቦላሬና ለስስ ላሜራ በዲስክ የሚቆርጠው ግራይንደር ይበቃል።

ስለዚህ አስቀድሞ መግዛት የሚገባው ደኅና መበየጃ ነው። ሲመርጥም የተጻፈውን ትልቅ አምፔር ብቻ አይመልከት፤ በዚያ ኃይል ከ10 ደቂቃ ስንቱን እንደሚሠራ ይጠይቅ። 60 በመቶ ከተባለ 6 ደቂቃ ሠርቶ 4 ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። ለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 140 አምፔር ይበቃል።

ከተረፈው ገንዘብ ሳይሆን ከዋናው ቀንሶ የፊት መከለያ ይግዛ። የተቃጠለ መኪና ይተካል፤ የጠፋ ዓይን ግን በምንም ዕቁብ አይገዛም።