አምስቱ ከመቶ እነማን ናቸው?

በአሞራ ገደል ጧት ጧት ዓሣ ለሚያወርዱ አስጋሪዎች የሚሆን የመዝገብ ፕሮግራም፥ ኮምፒውተር የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በመሥራት ላይ መሆናቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ማን ስንት ኪሎ ቆሮሶና ስንት ኪሎ አምባዛ እንዳወረደ፥ ለየትኛው ነጋዴ በዱቤ እንደ ሰጠ፥ ከዱቤውም ስንቱ እንደ ተከፈለው፥ እስከ ዛሬ በብጣሽ ወረቀትና በማስታወስ ኀይል ብቻ ተይዞ የኖረውን ጉዳይ በስልክ ሊያስይዙት አስበዋል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ እኛም የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ከማመስገን አልቦዘንንም። ክርክራችን በአንድ ቁጥር ላይ ነው።

ቁጥሩ 95 ነው። ከየት እንደ መጣ ለማስረዳት ግን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

አንድን ፕሮግራም አምስት ስድስት ሰዎች ተካፍለው ሲጽፉት፥ የያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ ደኅና ሆኖ ሲገጣጠም የሚፈርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሁሉም የጻፈውን በየዕለቱ፥ እንዲያውም በየሰዓቱ፥ ወደ አንድ ማዕከል ያስገባል፤ በማዕከሉ ያለው ሰርቨር ደግሞ ወዲያው ገጣጥሞ ይፈትነዋል። ይህን አሠራር ኮንቲኒዩስ ኢንቴግሬሽን ይሉታል። ዓሣ የሚያውቅ ገዢ ስሙን ሳይሰማ ይሠራበታል። ከእያንዳንዱ ጀልባ የወረደውን ከሌላው ሳይቀላቅል ስንጥቡን ገልጦ ያያል፤ ቀይ ከሆነ ያስመዝናል፥ ከገረጣ ይመልሳል። ሁሉንም በአንድ ቅርጫት ከደባለቀ በኋላ የሸተተው የማን እንደ ሆነ ልወቅ ቢል ግን ማን ይመሰክርለታል? በዙሪያው የሚንጎራደዱት አባ ኮዳዎች እንደ ሆኑ የማንም ቢሆን ግድ የላቸውም።

ወዳጆቻችን የመረጡት ሰርቨር ጄንኪንስ ነው። ኮሱኬ ካዋጉቺ የሚባል ጃፓናዊ በ2004 እ.ኤ.አ. በሰን ማይክሮሲስተምስ ሳለ የጀመረው ሲሆን፥ መጀመሪያ ሐድሰን ይባል ነበር፤ በ2011 ከኦራክል ጋር በስሙ በተነሣው ክርክር ምክንያት ጄንኪንስ ተባለ። የጄንኪንስ ብልሃቱ ራሱ ብዙ አለማወቁ ነው። ማወቅ የሚፈልገውን ሁሉ ፕለጊን በሚባሉ ተጨማሪ ክፍሎች ያገኛል፤ እነዚህም ከ1,800 ይበልጣሉ። ከነዚህ መካከል አንዲቱን ሳናነሣ ማለፍ አይቻለንም። በጄንኪንስ ፈተና ያለፈ ሥራ ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው በሰማያዊ ክብ ምልክት ነበር። ምክንያቱም ጃፓኖች እኛ አረንጓዴ የምንለውን የመንገድ መብራት ሰማያዊ ብለው ስለሚጠሩት ነው። ይህ ያልተመቻቸው ሰዎች ሰማያዊውን ወደ አረንጓዴ የምትለውጥ ፕለጊን ጻፉ፤ ኋላም ጄንኪንስ ራሱ አረንጓዴውን ተቀበለ። መሣሪያ የሠሪውን አገር ልማድ ይዞ ይመጣል፤ ልማዱ ያልተስማማው ደግሞ ቁጭ ብሎ ለራሱ የሚስማማውን ጻፈ እንጂ ሲያማርር አልኖረም። እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ብዙ ነገር አለ።

እንግዲህ ወደ 95 እንምጣ። ወዳጆቻችን ፈተናዎቹን የጻፉት ሮቦት ፍሬምወርክ በሚባለው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ የተመሠረተው ፊንላንዳዊው ፔካ ክላርክ በ2005 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፍ ላይ ነው (ተማሪ ምን ያደርጋል የሚሉን ሰዎች ይህን ልብ ይበሉልን)፤ በኖኪያ ኔትወርክስ ውስጥ አድጎ በ2008 ለዓለም በነጻ ተሰጠ። በጄንኪንስ ላይ የሚገጠመው ፕለጊኑ የፈተናውን ውጤት አንብቦ ከመቶ ስንቱ እንዳለፈ ያሰላል፤ ከዚያም ሰው ከሞላለት ሁለት ቁጥር ጋር ያስተያየዋል። ከፍተኛውን ቁጥር ያገኘ አለፈ ይባላል፤ በሁለቱ መካከል የቀረ ቢጫ ይበራለታል፤ ከዝቅተኛው የወረደ ወደቀ። ወዳጆቻችን ከፍተኛውን 95፥ ዝቅተኛውን 90 ብለው ሞሉ። ከመቶ አምስት ፈተና ቢወድቅ ሥራው አለፈ ተብሎ ወደ አስጋሪዎቹ ስልክ ይሄዳል ማለት ነው።

የወደቁት አምስቱ እነማን እንደ ሆኑ ዝርዝሩን ጠይቀን አየን። አንደኛው ጳጉሜን 6 ቀን የሚከፈል ዱቤ ነው። ፕሮግራሙ ከውጭ የተወሰደ የቀን መቁጠሪያ ስለሚጠቀም ዐሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጡት አልቀበልም ይላል። ጳጉሜን 6 በ2015 ዓ.ም. ነበረች፤ በ2019ም ናት። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ለምትመጣ ቀን ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው ብለውናል። ነገር ግን በዚያች ቀን ያልተመዘገበ ዱቤ በማግስቱም ያልተመዘገበ ዱቤ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ ዘመን መለወጫ ነውና አስጋሪው ገንዘቡን ከመቼውም ይልቅ የሚፈልግበት ቀን ነው።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ለሀ፥ ለሐና ለኀ ለየብቻ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ይህም ተገቢ ነበር። ሆኖም ለኮምፒውተሩ ሀና ሐ የሚራራቁት ሀና መ የሚራራቁትን ያህል ነው። አንዱ ጸሓፊ ኃይሉ ብሎ ያስገባውን ሌላው ሀይሉ ብሎ ቢፈልገው እንዲህ ያለ ሰው የለም ይለዋል። ከእኛ መካከል አንዲት እኅታችን ፀሐይ የሚለው ስሟ በአንድ መዝገብ በፀ፥ በሌላው በጸ በመጻፉ ምክንያት በአንድ ቢሮ ደጃፍ ሁለት ቀን ተመላልሳለች። ለአስጋሪ ሁለት ቀን መመላለስ የሁለት ቀን መረብ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ይህ ከተማ የሲዳማ ከተማ መሆኑን የረሳ ነው። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን፥ ከጉሮሮ ተቆርጦ የሚወጣው ድምፅ ከላይ በምትቀመጥ ትንሽ ጭረት ይመለከታል። ስም ለማለት የሚጻፈው ቃል ራሱ በመካከሉ ይህች ጭረት አለችበት። በጥንቃቄ ያልተጻፈ የመረጃ ቋት ጭረቲቱን የትእዛዝ ምልክት አድርጎ ወስዶ ይሰናከላል። በገዛ አገሩ ስሙን ሲያስመዘግብ ስሕተት አለ የሚባል ሰው ምን ይሰማው ይሆን?

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ አስደንቆናል። ሰርቨሩ ሰዓት የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ እርሱም ከእኛ አገር ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ ደግሞ ቀንን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የወረደ ዓሣ በሰርቨሩ 3፡30 ተብሎ ይመዘገባል። ይህን በስልኩ ያየ ገዢ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው ብሎ ያነበዋል። ዓሣው እንግዲህ ከዕድሜው ላይ ሦስት ሰዓት ተቀነሰለት ማለት ነው! በፀሐይ ላይ የዋለ ቆሮሶ ሦስት ሰዓት ምን እንደሚያደርገው፥ በዳጣ ጥሬውን የሚበላ ሁሉ ያውቀዋል። አምስተኛው የአያት ስም የሌለውን ሰው አልመዘግብም ማለቱ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

አምስቱም የእኛ ናቸው። ያለፉት 95 ግን በየትኛውም አገር ያለ የዓሣ መዝገብ የሚፈተንባቸው ናቸው። መቶኛ ሁሉንም ፈተና እኩል አድርጎ ይቆጥራል፤ የአንድ ቁልፍ ቀለም መፋዘዝና የአንድ ሰው ስም መጥፋት በመቶኛ ዘንድ አንድ ናቸው። ስለዚህ የምንጠይቀው ሁሉም 100 ይሁን ብለን አይደለም። ገጹ በጊዜ አልተከፈተም እያለ ዛሬ ወድቆ ነገ የሚያልፍ ፈተና እንዳለ እናውቃለን፤ ኔትወርኩ በሚንቀራፈፍበት ቀን ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ፈተናዎቹ በሁለት ይከፈሉ። ስምን፥ ቀንን፥ ሰዓትንና ገንዘብን የሚመለከቱት በጄንኪንስ ላይ ለብቻቸው ይሂዱ፤ የእነርሱም ቁጥር 100 ይሁን። ለቀሩት 95 ይበቃል፤ 90ም ቢሉ አንጣላም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን፦ ይህ የእናንተ ጉዳይ አይደለም፤ እናንተ ግጥማችሁን ጻፉ ብለውናል። ግጥሙን እንጽፋለን። ነገር ግን ሮቦት ፍሬምወርክ ፈተናን በተራ ዐረፍተ ነገር እንድንጽፍ የሚፈቅድ ነውና ዐረፍተ ነገሩ በአማርኛ ቢሆን የሚከለክለው ነገር የለም። «አስጋሪውን መዝግብ»፥ «ዓሣውን ሚዛን ላይ ጫን»፥ «ዱቤው ለጳጉሜን 6 መቀጠሩን አረጋግጥ» ብለን ብንጽፍ ይቀበለናል፤ በትእዛዙና በሚከተለው ስም ወይም ቁጥር መካከል ሁለት ክፍት ቦታ መተው ብቻ ይበቃል። ከሥር ያለውን የኮምፒውተር ሥራ እነርሱ ይጻፉት። እንዲህ የተጻፈ ፈተና ለአስጋሪው ሊነበብለት ይችላል፤ እርሱም ሰምቶ፦ የለም፥ እኛ እንዲህ አይደለም የምናደርገው ሊል ይችላል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማን ሊያርመው ነው?

በመግጠሙ ላይ ጥቂት ችግር እንደሚያጋጥም አንክድም። ሰርቨሩ ዩቲኤፍ-8 እንዲያነብ አስቀድሞ ካልታዘዘ አማርኛችን የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆናል፤ ጃቫ ይህን በራሱ የተቀበለው በ2022 እ.ኤ.አ. በ18ኛው እትሙ ነው። ፈተናው ሲወድቅ የሚነሣው የገጹ ፎቶግራፍም የግዕዝ ፊደል ባልተጫነበት ሰርቨር ባዶ ሣጥን ብቻ ያሳያል፤ አቢሲኒካን የመሰለ በነጻ የሚገኝ ፊደል መጫን ነው። ሌላው የሮቦት ዘገባ በጄንኪንስ ውስጥ አልከፈትም ማለቱ ነው። ጄንኪንስ ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በዘገባ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ትእዛዝን ለደኅንነት ሲል ያግዳል። እግዱን በሙሉ አንሡት የሚል ምክር በየቦታው ይገኛል፤ እኛ አንደግፈውም። ዘገባውን ለብቻው በሌላ አድራሻ እንዲያቀርብ ማድረግ ይቻላልና ቤቱን ለማናፈስ በሩን መንቀል አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ቢበዛ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

እስካሁን በአማርኛ 14 ፈተናዎች ጽፈናል፤ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠዋልና አይታችሁ ጨምሩባቸው። በሲዳምኛ የሚጽፉ ወንድሞችና እኅቶች በተለይ ይምጡልን። ያልቆረጥነው አንድ ነገር አለ። ማታ ተጥሎ ጧት የሚነሣ መረብ ዓሣው በየትኛው ቀን ይመዝገብ? ሰርቨሩ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይለውጣል፤ የጠየቅናቸው ሁለት አስጋሪዎች ግን አንዱ መረቡ የተጣለበት ቀን ነው ሲሉ፥ ሌላው ሚዛን የወጣበት ነው አሉን። ቅዳሜ ጧት ጀልባዎቹ ሲገቡ ሌሎቹን እንጠይቃለን፤ መሄድ የሚፈልግ ከ12 ሰዓት በፊት ይድረስ።